ጦሮችና መቋሚያ

ከእንጦጦ ጀርባ ያለው አገር በነሐሴ ሌላ ነው። ሱሉልታን አልፎ ጫንጮ እስኪደረስ መስኩ ሁሉ ውኃ ተኝቶበታል። ከብቶቹ ሣሩ ጉልበታቸውን ውጦት ቆመዋል፤ ጉሙ ከመንገዱ ዳር ተነሥቶ መኪናውን ይሸፍነውና መልሶ ይለቀዋል። ሙከጡሪንና ደብረ ጽጌን ካለፉ በኋላ፣ ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ፍቼ ሊደረስ ጥቂት ሲቀር መንገዱ ወደ ቀኝ ይታጠፋል። እዚያ ላይ ሜዳው በድንገት ያልቅና የጀማ ወንዝ ገባሮች የቆረጡት ገደል ይከፈታል። በክረምት ከአፋፉ ላይ ፏፏቴ በየቦታው ይወርዳል፤ ጭላዳዎች ገደሉ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ። ደብረ ሊባኖስ ከዚህ አፋፍ በታች፣ በገደሉ ወገብ ላይ ባለ ደልዳላ ቦታ ትገኛለች።

ይህን ጉዞ የተጓዝሁት መንገዱ እንደ ቅርብ ዓመታቱ መንገደኛን ማስጋት ሳይጀምር ነው። ጊዜው ፍልሰታ ነበር። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ባለው ጾም ብዙ የአዲስ አበባ ሰው ከሥራው ፈቃድ ጠይቆ፣ ቆሎና በሶ ቋጥሮ በየገዳሙ ሱባኤ ይገባል። እኔን ወደዚያ የወሰደኝ ደግሞ መጸለይ አለመቻሌ ነው።

ማመን አላቃተኝም። እግዚአብሔር እንዳለ፣ እንደሚሰማ፣ ክርስቶስ ስለ እኔ እንደ ሞተ አልተጠራጠርሁም። ያቃተኝ በፊቱ መቆየት ነው። ዳዊት ስደግም ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል፤ ልቤ ግን ገና ሦስተኛው ቁጥር ላይ ሳልደርስ ወደ ቤት ኪራይ ሄዷል። ከቤት ኪራይ ወደ መሥሪያ ቤት፣ ከመሥሪያ ቤት ከወራት በፊት ወደ ሰማሁት ክፉ ቃል፣ ከዚያ ስልኬ ወደ ተቀመጠበት ጠረጴዛ። መዝሙሩ ሲያልቅ ምን እንዳልሁ አላውቀውም። ይህንን ብዙ ሰው የሚያውቀው ይመስለኛል፤ ሲናገረው ግን አልሰማም። ኃጢአት ሲሆን ለንስሐ አባት ይነገራል፤ ሐዘን ሲሆን ለወዳጅ ይነገራል፤ ይህ ለሁለቱም የሚነገር አይመስልም። እያደር ግን ሰውን ከእግዚአብሔር ፊት የሚያሸሸው እንዲህ ያለው ነገር ነው። በሙሉ ልቡ መቆም ያልቻለ ሰው፣ በግማሽ ልብ ከመቆም ጭራሹን መቅረት አክብሮት ይመስለዋል። ጸሎቱን ይተወዋል፤ የተወውም እግዚአብሔርን ስለ ፈራ እንደ ሆነ ለራሱ ይነግረዋል።

መኪናው ውስጥ ከነበርነው አብዛኞቹ ሱባኤ የምንገባ ነን። ከጎኔ የተቀመጡት እናት ቆሏቸውን በፌስታል ቋጥረው እግራቸው ሥር አድርገዋል፤ መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር ጉልበታቸውን በመዳፋቸው ይይዙታል።

«ምን ልትለምን ነው የምትሄደው ልጄ?» አሉኝ፣ ጫንጮን ካለፍን በኋላ።

እንዲህ ያለ ጥያቄ ከማላውቀው ሰው ስላልጠበቅሁ ጥቂት ዘገየሁ። «መጸለይ እንድችል ነው እማማ።»

«እሱንማ ራሱ ይሰጣል» አሉ። «እኔ ለጉልበቴ ነው።»

ገዳሙን የመሠረቱት በ13ኛው መቶ ዘመን አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። የቡልጋ ሰው ናቸው፤ በሐይቅ እስጢፋኖስ በአባ ኢየሱስ ሞአ ሥር ተምረው፣ በደብረ ዳሞም ቆይተው ነው ወደ ሸዋ የተመለሱት። የቦታው የጥንት ስም ደብረ አስቦ ነበር፤ ደብረ ሊባኖስ ያሉት በ15ኛው መቶ ዘመን አፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው። ዛሬ ከሩቅ የሚታየው ትልቅ ቤተ ክርስቲያን በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተሠራ ነው። በዙሪያው መቃብር በመቃብር ላይ ነው። ከሸዋ ሰው እዚህ መቀበርን የሚመኝ ብዙ ነበር፤ አሁንም አለ።

ሱባኤተኛው ሣር በተጎዘጎዘበት አዳራሽ፣ ወንዱ በአንድ ወገን ሴቱ በሌላ ወገን ያድራል። ገደሉ ውስጥ ኔትወርክ ይመጣል፣ ይሄዳል። እኔ ስልኬን አጥፍቼ ከቦርሳዬ ሥር ቀበርሁት። ጫጫታው ከተማው ውስጥ የቀረ መስሎኝ ነበር። የመጀመሪያው ሌሊት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ፣ ከሩቅ የሰዓታቱ ዜማ ሲሰማ፣ ጫጫታው ከእኔ ጋር በዚያው መኪና ተሳፍሮ እንደ መጣ ዐወቅሁ። ስልኩ ጠፍቷል፤ ሐሳቡ አልጠፋም። እንዲያውም የሚያስታግሰው ነገር ስላጣ ባሰበት። የተከፈለና ያልተከፈለ፣ የተነገረና ያልተነገረ ሁሉ ተራ ይዞ መጣ።

ቢሆንም ተነሥቼ ወደ ሰዓታቱ ሄድሁ። በፍልሰታ ሌሊት በየአብያተ ክርስቲያናቱ የሚቆመው ሰዓታት የአባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ ድርሰት ነው። እኚህ አባት ከኢትዮጵያ ደራስያን ሁሉ በብዙ መጻሕፍታቸውና በጥልቀታቸው ይታወቃሉ፤ ገድላቸው ግን የሚጀምረው ትምህርት እምቢ ባለው ልጅ ነው። አባታቸው ወደ ሐይቅ ገዳም ላኳቸው፤ ሰባት ዓመት ሙሉ ምንም አልገባቸው አለ። ጓደኞቻቸው ዜማውን ሲያሄዱት እርሳቸው ለማኅበሩ እህል ይፈጩ ነበር። ማታ ማታ ግን በእመቤታችን ሥዕል ፊት ቆመው እያለቀሱ ይለምኑ ነበር፤ እርሷም ዕውቀትን አጠጣቻቸው ይላል ገድሉ። ጨለማ ውስጥ ቆሜ ያንን ዜማ ስሰማ፣ ይህን ሁሉ ቃል ያቀናበረው አእምሮ አንድ ቀን ፊደል መያዝ ያቃተው አእምሮ እንደ ነበር ማሰብ ደስ አሰኘኝ። ቤተ ክርስቲያን የሌሊት ጸሎቷን የተቀበለችው በትምህርቱ ወደ ኋላ ከቀረው፣ ወፍጮ ላይ ከተቀመጠው ልጅ ነው።

ከሰዓታቱ መካከል ላይ እንቅልፍ ጣለኝ። ግድግዳ ተደግፌ ቆሜ ነው የተኛሁት። ከአጠገቤ የነበረ ወጣት ዲያቆን ምንም ሳይናገር መቋሚያውን ሰጥቶኝ እርሱ ወደ ፊት አለፈ። መቋሚያን ከልጅነቴ ጀምሮ አይቼዋለሁ፤ ማኅሌት ላይ ከጽናጽልና ከከበሮ ጋር ሲወዛወዝ ስለማየው የዝማሬ ዕቃ ብቻ ይመስለኝ ነበር። የተሠራው ግን ሰው ስለሚደክም ነው። የቤተ ክርስቲያን ጸሎት ረጅም ነው፤ አባቶች የሰውን ወገብና እግር ያውቁታል፤ ስለዚህ ለድካሙ እንጨት አዘጋጁለት። አገጬን መስቀለኛው ራስ ላይ አሳርፌ፣ በጌቴሴማኒ የተኙትን ሐዋርያት አሰብሁ። ጌታ አንዲት ሰዓት እንኳ አብረውት እንዲተጉ ለምኗቸው ነበር። አልቻሉም። ወንጌሉን ስናነብ ብዙ ጊዜ የምንይዘው የእነርሱን መተኛት ነው። እርሱ ግን በዚያ ሁሉ ጭንቀት ውስጥ ሆኖ፣ ላቡ እንደ ደም እየወረደ፣ ከጸሎቱ እየተነሣ ሦስት ጊዜ ወደ እነርሱ ተመላልሷል።

ጠዋት ወደ ዋሻው ወጣሁ። ዋሻው ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ፣ ዳገቱን ወጥቶ የሚገኝ ነው፤ ጻድቁ ዘግተው የጸለዩበት። ጠበሉ ከዓለቱ ይንጠባጠባል፤ ከሥሩ ጄሪካን የያዘ፣ ልጅ ያዘለ፣ በቃሬዛ የመጣ ሁሉ ወረፋ ይጠብቃል። የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን ሥዕል የማያውቅ የኢትዮጵያ ክርስቲያን የለም፤ ባለ ክንፍ፣ በአንድ እግር የቆሙ፣ የተሰበረችው እግራቸው ከጎናቸው። ከመቆም ብዛት አንዲቱ እግራቸው ተሰብራ፣ በቀረችው ሰባት ዓመት እንደ ቆሙ ይነገራል። ይህንን ታሪክ ስሰማ ሁልጊዜ እየራቅሁ ነበር የምሄደው። እኔ ዐሥር ደቂቃ መቆም አቅቶኝ የእርሳቸው ሰባት ዓመት ምኔ ነው?

ዋሻው ውስጥ አንድ የደብሩ አገልጋይ ለምእመናን ገድሉን ሲተርኩ ግን ሌላ ነገር ያዘኝ። ጻድቁ ለጸሎት ሲቆሙ ከፊታቸውም ከኋላቸውም፣ ከቀኛቸውም ከግራቸውም ጦር ተክለው ነበር። እንቅልፍ አሸንፎ ቢያዘነብላቸው ጦሩ ወግቶ እንዲያነቃቸው ነው። ይህንን ከዚያ በፊትም ሰምቼው ይሆናል፤ ጆሮዬ ግን ቁጥሩንና ተጋድሎውን ነው የሚይዘው። በዚያ ጠዋት ጦሮቹ ራሳቸው ተናገሩኝ። ጦር የሚተክል ሰው እንደሚያዘነብል የሚያውቅ ሰው ነው። ድካም የማያውቀው መልአክ ቢሆኑ ኖሮ ጦር ምን ያደርግላቸው ነበር? ስድስቱ ክንፍ ጸጋ ነው፤ ከክንፉ ሥር ግን እንደ እኔ ዐይኑ የሚከብድ፣ ራሱ የሚወድቅ ሥጋ ነበረ። እኔ በድካሜ ምክንያት ከጸሎት ስሸሽ፣ እርሳቸው ድካማቸውን መሐል አስገብተው አጥር አጠሩለት። ልዩነታችን እዚህ ላይ መሆኑ አስደነገጠኝ፤ ደግሞም አጽናናኝ፤ ምክንያቱም ክንፍ ማብቀል ባልችልም አጥር ማጠር ይቻለኛል።

ከዋሻው ስወርድ አንድ በዕድሜ የገፉ መነኩሴ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ዝናቡ እስኪያባራ ይጠብቁ ነበር። መስቀላቸውን ተሳለምሁ።

«ይፍቱኝ አባቴ።»

«እግዚአብሔር ይፍታህ።»

አጠገባቸው ቆምሁ። ዝም ብዬ መሄድ ስላልፈለግሁ ነገሩን ነገርኋቸው፤ ስጸልይ ልቤ እንደሚሄድብኝ።

«ወዴት ነው የሚሄደው?» አሉ።

ይህንን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እኔም ራሴን አልጠየቅሁም። የሚሄድ መሆኑ ብቻ ነበር የሚያሳፍረኝ። ቆጠርሁላቸው፤ የቤት ኪራዩን፣ ሥራውን፣ የታመሙትን አባቴን፣ የተቀያየምሁትን ሰው።

«ታዲያ ልብህ ልመናውን ይዞልህ እየመጣ ነው እኮ» አሉ። «አባትህ ትዝ ሲሉህ ስማቸውን ጥራና ለእግዚአብሔር ንገረው። ከዚያ ዳዊትህን ካቆምህበት ቀጥል። ያመለጠኝን ልድገም ብለህ ወደ ኋላ አትመለስ፤ ስትመላለስ ይመሽብሃል።»

«ያ የተቀያየምሁትስ ሰው አባቴ?»

«የእሱንም ስም ጥራ።»

ይህኛው ከበደኝ፤ ፊቴ ላይ አይተውት ይሆናል። ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ የአባ እንጦንስን ነገር አወሩኝ። የመነኮሳት ሁሉ አባት የሚባሉት እንጦንስ በግብፅ በረሃ ብቻቸውን ሳሉ ልባቸው ተሰላችቶ፣ ሐሳብ ወርሯቸው፣ መዳን እየፈለግሁ ሐሳቤ አልተወኝም ብለው ወደ እግዚአብሔር ጮኹ። ወጣ ሲሉ እርሳቸውን የመሰለ ሰው አዩ። ተቀምጦ ገመድ ይታታል፤ ይነሣና ይጸልያል፤ ደግሞ ተቀምጦ ይታታል፤ ደግሞ ተነሥቶ ይጸልያል። የእግዚአብሔር መልአክ ነበረ፤ እንዲሁ አድርግ ትድናለህ አላቸው። መነኩሴው ይህንን ሲናገሩ በእጃቸው የመታታቱን ነገር ያሳዩኝ ነበር። መልአኩ ለእንጦንስ ሐሳብ የሌለበትን ልብ አልሰጣቸውም። መነሣትንና መቀመጥን፣ ደግሞም መነሣትን ነው ያሳያቸው።

በኋላ ሳስበው የቤተ ክርስቲያናችን የጸሎት ሥርዓት ሁሉ በዚህ መልክ እንደ ተቆራረሰ አየሁ። ቀኑ በሰባት የጸሎት ጊዜያት ተከፍሏል፤ ከነግህ እስከ መንፈቀ ሌሊት። ዳዊቱ በሰባቱ ዕለታት ተከፍሏል፤ ውዳሴ ማርያምም እንዲሁ። እግዚኦታ ሲደረስ 41 ጊዜ የሚባለው በጣት አንጓ ይቆጠራል፤ ቁጥሩን አእምሮ ስለማይዘው ጣት ይይዘዋል። በገዳም መጻሕፍት ከሚከበሩት አንዱ የሆነው ማር ይስሐቅ፣ ሐሳብ ፈጽሞ ያልገባበት ንጹሕ ጸሎት ላይ የሚደርስ ሰው ከብዙ ሰው መካከል አንድ እንኳ በጭንቅ እንደሚገኝ ያስተምራል። ይህን የሚናገረው ዕድሜውን በዝምታ ያሳለፈ አባት ነው። እኛ ግን በታክሲ ወረፋ፣ በሥራና በልጅ ልቅሶ መካከል ሆነን ያንን አንዱን ካልሆንን ጸሎታችን አልተሰማም እንላለን። ይህ ትሕትና አይመስለኝም። ራሳችንን የምንለካበት መለኪያ ቅዱሳኑም ለራሳቸው ያላስቀመጡት ነው።

በጾም ቅዳሴው የሚገባው ከቀትር በኋላ ነው። ሆድ ባዶ ነው፤ ሌሊቱ ያለ እንቅልፍ አልፏል፤ ከነጠላው የሚነሣው እርጥበትና ዕጣኑ ተቀላቅሏል። የመጣብኝን ስም እየጠራሁ፣ ሐሳቤን እየመለስሁ ለመቆም ሞከርሁ። ሄደ፤ መለስሁት። ሄደ፤ መለስሁት። እንዲህ ስታገል ዲያቆኑ የተቀመጡት እንዲነሡ አዘዘ። ጥቂት ቆይቶ ወደ ምሥራቅ እንድንመለከት አዘዘ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ እንድናስተውል። እነዚህን ትእዛዛት በየእሑዱ እሰማቸዋለሁ፤ የሥርዓቱ ዜማ አድርጌ ከመስማት በቀር ለማን እንደሚነገሩ አስቤ አላውቅም። የቅዳሴው ሊቃውንት በዚያች ከሁሉ በምትከብረው ሰዓት፣ ሱራፌል ስለሚያመሰግኑበት ምስጋና ሊነገር ሲል፣ ከሕዝቡ የተቀመጠ እንደሚኖር፣ ፊቱን ወደ ሌላ ያዞረ እንደሚኖር፣ ልቡ የሄደ እንደሚኖር ያውቁ ነበር። ስለዚህ አላባረሩትም፤ የሚጠራው ሰው አቆሙለት። ዲያቆኑ በዚያ ቦታ ላይ የሚጮኸው እንደ እኔ ላለው ነው።

ከእነዚህ ትእዛዛት በፊት ካህኑ ልባችንን ከፍ እንድናደርግ ይላል፤ ሕዝቡም ልባችን በአምላካችን ዘንድ እንዳለ ይመልሳል። ለረጅም ጊዜ ይህንን መልስ ስል አፍራለሁ፤ ልቤ እዚያ እንዳልሆነ ዐውቃለሁና። በዚያን ቀን ዙሪያዬን አየሁ። በመኪና አብረውኝ የመጡት እናት በስተ ቀኝ ምሰሶ ተደግፈው ጉልበታቸውን ይዘዋል። አንድ ዐይነ ስውር ሽማግሌ ከሁሉ ቀድመው ይመልሳሉ። ከበሽታ የመጣ፣ ከሐዘን የመጣ፣ ከጭንቀት የመጣ ሕዝብ ነው፤ ሁሉም እኩል ልቡን ይዞ የቆመ አይደለም። ግን የሚመልሰው አብሮ ነው። የእኔ ልብ በሄደበት ደቂቃ የእኚያ እናት ልብ እዚያ ነበረ፤ የእርሳቸው ወደ ጉልበታቸው በሄደበት ደቂቃ ምናልባት የእኔ ተመልሶ ነበር። ብቻዬን ብለው ሐሰት የሚሆንብኝን ቃል ከእነርሱ ጋር ስለው እውነት ሆነ። በቤቴ በርን ዘግቼ ልጠግነው የሞከርሁት ነገር ብቻዬን ሆኜ የሚጠገን አልነበረም።

ይህ ቦታ ራሱ ጸሎቱ ብዙ ጊዜ ተቋርጦበታል። በ16ኛው መቶ ዘመን በኢማም አሕመድ ዘመቻ ተቃጠለ። ከሁሉ የሚያመው ግን የቅርቡ ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በኢጣሊያው ገዥ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከጣሉ በኋላ፣ ፋሺስቶቹ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት በነገሩ አሉበት አሉ። ለማጥቃትም የመረጡት ግንቦት 12ን ነው፤ የጻድቁ ፍልሰተ ዐፅም የሚከበርበት፣ ምእመኑ ከየአገሩ የሚሰበሰብበት በዓል ነው። በጄኔራል ማሌቲ የሚመራው ጦር ገዳሙን ከበበ፤ መነኮሳቱን በመኪና ጭኖ ላጋ ወልዴ በሚባል ቦታ ረሸናቸው፤ ከዲያቆናቱም ብዙዎቹን ወደ ደብረ ብርሃን አካባቢ ወስዶ ገደላቸው። ግራዚያኒ ለሮም የላከው ቁጥር 449 ነው፤ ጉዳዩን ያጠኑት ኢያን ካምቤልና ደግፌ ገብረ ጻድቅ ግን የሞቱት ከ1,400 እስከ 2,000 እንደሚደርሱ ጽፈዋል። ዲያቆናቱ ብዙዎቹ ወጣቶች ነበሩ። በዚያ ሰሞን በዚህ ቦታ የሚቀድስም የሚያስቀድስም አልነበረም። ሰዓታቱን የሚያውቁት አፎች ተዘጉ።

አሁን የምሰማው ዜማ የተመለሰ ዜማ ነው። የተረፈ ሰው ካለበት መጥቶ፣ ሌላ ደብር የተማረ መጥቶ፣ ካቆሙበት ቀጥለውታል። የእኔን የሐሳብ መበታተን ከሰማዕታት ደም ጋር ማስተካከሌ አይደለም፤ እግዚአብሔር ያውቃል። ግን ካቆምህበት ቀጥል ያሉኝ መነኩሴ እዚህ ቦታ የኖሩ ናቸው፤ ምክሩን ከየት እንዳገኙት የገባኝ በመቃብሮቹ መካከል ሳልፍ ነው።

ከዚያ ሁሉ ይልቅ ግን ልቤ ላይ የቀረችው በዚያ ቅዳሴ ላይ ያየኋት አንዲት ወጣት እናት ናት። ከሴቶቹ ወገን ዳር ላይ ቆማ ነበር። ጀርባዋ ላይ ያዘለችው ሕፃን ገና ቅዳሴው ሳይጋመስ ማልቀስ ጀመረ። ይዛው ወጣች፤ ተመለሰች። ወንጌሉ ሲነበብ ደግሞ አለቀሰ፤ ደግሞ ወጣች። ከቅዳሴው ግማሹን እንኳ የሰማች አይመስለኝም። ከጥሞና የሚቆጠር አንድ ደቂቃ አልነበራትም። ቁርባን ሲደርስ ግን ሰልፉ ላይ ከፊት የነበረችው እርሷ ናት፤ ሕፃኑን ታቅፋ። እርሱ ተቀበለ፤ እርሷም ተቀበለች። አጥር ቢኖራት፣ መቋሚያ ቢኖራት የሚይዝላት እጅ አልነበራትም፤ ሁለቱም እጆቿ ልጅ ይዘዋል።

እኔና በመካከል ዕድሜ ያለነው አብዛኞቻችን ከኋላ ቆመን እናያለን። ይህ በአገራችን የተለመደ ነው። ሕፃናት ይቆርባሉ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም ዘመን ባዶ ነው፤ ሰው ሲሸመግል፣ ሥጋው ሲደክም ይመለሳል። ቤተ ክርስቲያን እንዲህ አላዘዘችንም። ያዘዘችን ንስሐ እንድንገባ፣ 18 ሰዓት ጾመን በንጽሕና ተዘጋጅተን እንድንቀርብ ነው። እኛ ግን ዝግጅቱን ወደ ብቃት ለወጥነው። የሚቀርበው ደክሞ የሚታደስ ሰው መሆኑን ረስተን፣ የበረታ ሰው ሽልማት አደረግነው፤ እስክንበረታ ስንጠብቅም ዕድሜያችን አለፈ። እኔ ለሐሳቤ መበታተን ከቦታ ቦታ መድኃኒት ፍለጋ እየሄድሁ፣ መድኃኒቱን በየሳምንቱ ከበር ሆኜ ሳየው ኖሬያለሁ። ያቺ እናት ሐሳቧን ሰብስባ አልጨረሰችም። ተርባ ነበር፤ ስለዚህ ቀረበች።

ቅዳሴው ሲያልቅ ጓሮው ላይ አገኘኋት፤ ሕፃኑ ትከሻዋ ላይ ተኝቷል።

«እንኳን አደረሰሽ እህቴ። ልጁ አስቸገረሽ።»

«እንኳን አብሮ አደረሰን» አለች። «ምን ያርግ፤ ሕፃን አይደል። ሁሌም እንዲህ ነው።»

«ታዲያ ሁልጊዜ ይዘሽው ትመጪያለሽ?»

«ለማን ልተወው?» አለች፤ ጥያቄዬ ግራ አጋብቷት።

ሱባኤው አልቆ አዲስ አበባ እንደ ገባሁ ስልኬን ስከፍት መልእክቱ ሁሉ ተራ በተራ ገባ። አላነበብሁትም። የንስሐ አባቴ ዘንድ ደወልሁ፤ ድምፄን ከሰሙ ቆይተዋል።

«ምነው ጠፋህ ልጄ?»

«ልቆርብ እፈልጋለሁ አባ። ግን ንስሐውን ከየት እንደምጀምረው አላውቅም፤ ሐሳቤ አይሰበሰብልኝም።»

«ቅዳሜ ከሠርክ ጸሎት በኋላ ና» አሉኝ።

«በወረቀት ጽፌ ልምጣ?»

«ያስታወስኸውን ጻፍ» አሉ። «የረሳኸውን እኔ እየጠየቅሁ አስታውስሃለሁ።»